ከንፈር ጠቁሮ ኦክስጅን አልሠራ ካለ፣ መድኃኒቱን ጠይቁ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ሆስፒታል ነበርኩ። ለጋዜጣ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ሰሞኑን ግን ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ምስል አላስቀምጥ አለኝ። አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ተሰብስቦ ተቀምጧል፣ ግማሹ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ነው። አንዷ ዘመዴ «እርግማን ነው» ብላ ላከችልኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በኮምፒውተር የተቀባ ነው ብሎ ሳቀ።

ምስሉ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ሰዎቹ ግን ነበሩ። ፊውጌት የሚባሉ ቤተሰቦች ናቸው፣ በኬንታኪ ግዛት ተራሮች መካከል ትረብልሰም ክሪክ በሚባል ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ። ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ማርቲን ፊውጌት የሚባል ሰው፣ ከፈረንሳይ የመጣ ወላጅ አልባ ነበር ይባላል፣ እዚያ ሰፈረና ትዳር ያዘ። እሱም ሚስቱም ሳያውቁት አንድ ዓይነት ጉድለት ያለበት ዘረ መል ይዘው ነበር። እንዲህ ያለውን ዘረ መል ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው ምንም አይሆንም። ከአባትም ከእናትም ሲደርሰው ነው ጉዱ የሚፈላው። አካባቢው ደግሞ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዘመድ ከዘመድ እየተጋባ ሰማያዊ ልጆች ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲመጣ መወለዳቸውን ቀጠሉ። ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያጋቡ አያቶቻችንን እዚህ ላይ ሳላመሰግን አላልፍም፤ ስለ ዘረ መል ማንም ሳይነግራቸው ሥራውን ሠርተውታል።

በ1960ዎቹ ማዲሰን ካዋይን የሚባል የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የደም ሐኪም እነዚህን ሰዎች ፈልጎ አገኛቸው። መንገዱ በሌሎች ተጠርጎለት ነበር። በሰሜን አየርላንድ ጄምስ ዲኒ የሚባል ሐኪም በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለሁለት ሰማያዊ ወንድማማቾች ቫይታሚን ሲ ሰጥቶ መልካቸው ሲመለስ አይቷል፤ ክዌንቲን ጊብሰን ደግሞ በ1948 የጎደላቸው አንድ ኢንዛይም መሆኑን አሳየ። ካዋይን ይህን ሁሉ ያውቃልና ሰማያዊዎቹን ሰዎች በሰማያዊ ቀለም አከማቸው፤ ሜትሊን ብሉ የሚባለውን በደም ሥራቸው ወጋ። በደቂቃዎች ውስጥ ቀሉ። ሰዎቹ ራሳቸው ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው ይባላል፣ እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

የሕመሙ ስም ሜትሄሞግሎቢኒሚያ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ይህን ደብዳቤ ለምን እንደጻፍኩ ልናገር። እነዚያ የኬንታኪ ሰዎች ብዙም አያሳስቡኝም። ከመልካቸውና ሰው አፍጥጦ ስለሚያያቸው ከሚሰማቸው እፍረት በቀር ጤነኞች ነበሩ፣ እስከ ሰማንያና ዘጠና ዓመታቸው የኖሩ አሉባቸው። ሰውነታቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ለምዶታል። (በዘር የሚመጣ ሌላ ከባድ ዓይነትም አለ፤ ጉድለቱ ከቀይ የደም ሴል አልፎ መላ ሰውነትን የሚነካ፣ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳና ዕድሜ የሚያሳጥር። እሱ በጣም ብርቅ ነው።) እኔን የሚያሳስበኝ ያው ነገር ጤነኛ ሰው ላይ፣ በመድኃኒት ምክንያት፣ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲመጣ ነው። ያ ሰው ዘሩ ምንም ቢሆን ምንም፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮም ቢወለድ፣ ሰውነቱ አለመደውም። ሊሞት ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ ከእኔ መደርደሪያ ላይ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቀላሉ። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው በሄሞግሎቢን ነው፣ በእያንዳንዱ ሄሞግሎቢን ውስጥ አራት የብረት አተሞች አሉ። ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ሲነጠቅ ኦክስጅን መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ ነው ሜትሄሞግሎቢን የሚባለው። ይህ በሁላችንም ደም ውስጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሆናል። ያ የፊውጌቶች ጉድለት የሆነው ኢንዛይም ሥር ሥሩን እየተከተለ ስለሚያስተካክለው በጤነኛ ሰው ደም ከመቶ አንድ ገደማ ቢገኝ ነው። አንዳንድ መድኃኒትና ኬሚካል ግን ከኢንዛይሙ አቅም በላይ ያበላሻል። ሄሞግሎቢኑን አራት ሰው የሚይዝ ታክሲ አድርጋችሁ አስቡት። አንዱ ወንበር ተሰብሯል፤ በዚህ ብቻ ቢቀር ሦስት ሰው ይዞ መሄድ ነበር። ችግሩ በቀሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡትም ሰፈራቸው ደርሰው «ወራጅ አለ» አይሉም። ኦክስጅኑ ደም ውስጥ ተቀምጦ አንጎልና ልብ ያጣሉ ማለት ነው። ከመቶ ሃያ የሚሆን ደም በደም ማነስ ያጣ ሰውና ከመቶ ሃያው ሜትሄሞግሎቢን የሆነበት ሰው እኩል የማይሆኑት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ይብሳል።

ከመቶ አሥር እስከ አሥራ አምስት ሲደርስ መልክ ይለወጣል። ሃያ ሠላሳ ላይ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የልብ መምታት፣ ትንፋሽ ማጠር። ከሃምሳ ሲያልፍ መቃዠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት። ከሰባ በላይ የደረሰ ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

«መልክ ይለወጣል» ስል ግን ጠንቀቅ በሉ። መጽሐፎቹ የተጻፉት ለነጭ ቆዳ ነው፣ ፊት ሰማያዊ ሆነ ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ሰማያዊ ፊት የሚጠብቅ ሐኪምም ሆነ እናት ሳያዩት ያልፋል። ከንፈርን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ምላስን፣ ድድን፣ የጥፍርን ሥር፣ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ውስጡን እዩ። አመድማ ወይም ድፍርስ ጥቁር ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ይሆናል። ሰውየው «ዛሬ ከንፈርህ ምን ሆነ?» ሲባል ያኔ ነው የሚጀመረው።

ሆስፒታል ሳለሁ ያየሁት አንድ ሰው ነበር። የሥጋ ደዌ ሕክምና ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት ሆኖታል። ድንገተኛ ክፍል ሲያመጡት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጣቱ ላይ ያደረጉለት ኦክሲሜትር፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከመቶ የሚለካው፣ 86 ይላል። ኦክስጅን በጭንብል ሰጡት፣ 85። ከፍ አደረጉት፣ 85። ጣት ቀየሩ፣ ማሽን ቀየሩ፣ እዚያው ነው። ሳንባው ሲደመጥ ንጹሕ ነው፣ ራጁም ምንም የለውም። አንዱ ልብ ነው ይላል፣ አንዱ በሳንባው ደም ረግቶ ይሆናል ይላል። በመሃል አንዲት የቆየች ሲስተር ሚስቱን ጠጋ ብላ «እሜቴ፣ ምን መድኃኒት ነው የሚወስደው?» አለቻት። ሴትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና የክኒኑን ቅጠል አወጣች። ዳፕሶን አለበት፣ እንዲህ ደም ከሚያበላሹት መድኃኒቶች አንዱ።

ከዚያ ሐኪሙ ያደረገውን አልረሳውም። ከበሽተኛው አንድ ጠብታ ደም ነጭ ጋዝ ላይ አደረገ። አጠገቡ ከራሱ ጣት አንድ ጠብታ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ማየት ጀመርን። የሐኪሙ ደም እንደማንኛውም ደም ቀይ ነው፣ አየር ሲያገኘው ደግሞ እየደመቀ መጣ። የበሽተኛው ቡናማ ነው፣ ልክ እንደ ቸኮሌት፤ አየር ቢያገኘውም ንቅንቅ አላለም። በቃ። ይህ ምርመራ ገንዘብም ማሽንም አይጠይቅም። ትክክለኛውን መጠን የሚለካው ኮ-ኦክሲሜትር የሚባል መሣሪያ ነው፣ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ጋዝና ጠብታ ደም ግን የትም አለ።

ማሽኑ ለምን 85 ላይ ተቸነከረ? ጣት ላይ የሚደረገው ኦክሲሜትር ሁለት ዓይነት ብርሃን እየላከ የትኛው ምን ያህል እንደተዋጠ ያወዳድራል። ሜትሄሞግሎቢን ሁለቱንም እኩል ይውጣል፤ ማሽኑ ይደናገርና ቁጥሩ ወደ 85 ይሳባል፣ እውነቱ ከዚያ በታች ቢሆን እንኳ። ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ ይህች ዕቃ አለች። በጠቆረ ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከእውነቱ ከፍ አድርጋ እንደምታነብም የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከንፈሩ ጠቁሮ እያለከለከ፣ ማሽኗ 85 ብላ፣ ኦክስጅን ሲጨመርም ቁጥሯ አልነቃነቅ ካለች፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ምን ወሰደ? ምን ተቀባ? ምን ጠጣ?

ያ ሰው ተርፏል። ዳፕሶኑ ቆመ፣ ሜትሊን ብሉ ከሌላ ቦታ ተፈልጎ መጣ (ፍለጋው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው)፣ ተወጋ፣ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሩ ተመለሰ። ሽንቱ አረንጓዴ ሲሆን ሚስቱ ደንግጣ ልታለቅስ ነበር፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው ብለን አረጋጋናት። በማግስቱ መልሶ ጠቆረ፣ ምክንያቱም ዳፕሶን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ግማሹ እስኪወጣ እንኳ አንድ ቀን ያልፈዋል። እንዲህ ያለውን በሽተኛ «ዳነ» ብሎ በዚያው ቀን ወደ ቤት መስደድ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩ ጥፋት ይሆናል። ዳፕሶን የሥጋ ደዌን ታሪክ ከለወጡ መድኃኒቶች አንዱ ነው። አለርት ሆስፒታል አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። አብዛኛው ተጠቃሚ ትንሽ ከፍ ያለ ሜትሄሞግሎቢን ቢኖረው ነው፣ እሱም ምንም አያደርገው። ይህን አንብቦ ክኒኑን የሚጥል ሰው ካለ ደብዳቤዬ ከጥቅሙ ጉዳቱ በዛ ማለት ነው። ለወባም እንዲሁ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት እኛ ዘንድ ብዙ ነው፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ እሱን ከሥሩ የሚነቅለው ፕሪማኩዊን ነው፣ ፕሪማኩዊንም ሜትሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ። መድኃኒቱን ጨርሱ። ከንፈር ከጠቆረና ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ (ይኼኛው ቀይ የደም ሴል እየፈረሰ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ ሌላ ችግር ነው) ያኔ በዚያው ቀን ወደ ሰጣችሁ ጤና ጣቢያ ተመለሱ።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ያለ ምክንያት የሚሰጠው።

በቅርቡ አንዲት እናት መስኮቴ ላይ መጡ። እጃቸው ላይ ባዶ ቱቦ አለ፣ ከሥር እስከ አንገቱ ተጠቅልሎ የተጨመቀ።

«የኔ ልጅ፣ ይቺን ስጪኝ። ልጄ ከአሜሪካ ይዛልኝ መጥታ ነበር፣ አለቀች።»

«ለማን ነው እማማ?»

«ለልጅ ልጄ። ጥርስ ልታበቅል ነው መሰል ሌሊቱን ስታለቅስ ነው የምታድረው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ኧረ ገና ስድስት ወሯ!»

ቱቦውን ተቀብዬ ጀርባውን አነበብኩ። ቤንዞካይን። ድድ የሚያደነዝዝ ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚቀቧት ስጠይቃቸው ጣታቸውን እስከ መጀመሪያው አንጓ አሳዩኝ፤ «ስታለቅስ ነዋ፣ ደግሞ ስታለቅስ ደግሞ።» ሴትየዋ ብልህ ናቸው። ግግ ይውጣላት ያሉትን ጎረቤቶች እምቢ ብለው ነው ወደ ዘመናዊው የሄዱት። ዘመናዊው ላይ ማን ያስጠንቅቃቸው?

የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ቤንዞካይን ያለባቸውን የድድ ቅባቶች ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መሸጥ ይቁም ብሏል። ምክንያቱ ይኸው ሜትሄሞግሎቢኒሚያ ነው፤ ከ1971 ወዲህ ከቤንዞካይን ጋር የተያያዙ ከ400 በላይ ሰዎች ለመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት መደረጋቸውን ወይም በሕክምና መጽሔቶች መውጣታቸውን ገልጿል። መጀመሪያ በተቀባበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ተቀብቶ ምንም ሳያደርግ ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ የባሰ ተጋላጭ ነው፣ ያ የሚያስተካክለው ኢንዛይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ገና አልጎለበተምና። ለዚህ ሁሉ አደጋ ጥቅሙስ? ቅባቱ በምራቅ ታጥቦ በደቂቃዎች ይሄዳል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ እንድትነክስ መስጠት፣ ድዷን በታጠበ ጣት ማሸት ይበቃል። እናቲቱ ይህን ስነግራቸው «ይኼ እኮ የእናቴ መድኃኒት ነው» ብለው ሳቁብኝ። ሌላ መድኃኒት ቤት ሄደው ይግዙ አይግዙ አላውቅም።

ከሻንጣ የሚወጣ መድኃኒት እኮ ዝምድና ሆኗል። ከዋሽንግተንም ከዱባይም ሲመጣ ከሽቶውና ከቸኮሌቱ ጋር አንድ የጥርስ ቅባት፣ አንድ የጉሮሮ ስፕሬይ አይጠፋም። የጉሮሮ ስፕሬዩም ያው ቤንዞካይን ያለበት አለ። የመጣው አገር ስለተከበረ ዕቃውም የተከበረ ይመስለናል። ለግርዛት ሕፃናት ላይ የሚቀባው የማደንዘዣ ክሬም ደግሞ ፕሪሎካይን ያለበት ዓይነት አለ፤ እሱም በልኩ፣ በባለሙያ እጅ እንጂ «ይደርበትና አያመውም» እየተባለ ቱቦ ሙሉ የሚቀባ አይደለም።

መድኃኒት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ኒውዮርክ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች አንድ ምግብ ቤት የአጃ ገንፎ በልተው ሰማያዊ ሆኑ፤ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጋዝ መመረዝ መስሏቸው ነበር። ወጥ ቤቱ በጨው ፈንታ ሥጋ ማቆያውን ሶዲየም ናይትራይት ተጠቅሞ ኖሯል። አንዱ ሞተ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ጨው ጨው ይላሉ።

የውኃውን ነገር ደግሞ ጡጦ ለሚያጠቡ ብቻ ልናገር። ከሽንት ቤት ወይም ከበረት አጠገብ የተቆፈረ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ፣ ማዳበሪያ የሚበዛበት እርሻ መሃል ያለ ምንጭ፣ ናይትሬት ሊኖረው ይችላል። ሕፃን ሆድ ውስጥ ናይትሬቱ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፣ ናይትራይቱ ደሙን ያበላሻል። ይህን ሀንተር ኮምሊ የሚባል የአይዋ ሐኪም በ1945 ከገበሬ ቤት ጉድጓዶች ጋር አያይዞ ጽፎታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሊትር ከ50 ሚሊግራም ናይትሬት እንዳይበልጥ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ውኃ አጠራጠረን ማለት አፍልተን እናጠጣ ማለት ነው። ለጀርም ትክክል ነው። ናይትሬት ግን ሲፈላ አይጠፋም፣ ጭራሽ ውኃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። የእናት ጡት የሚጠባ ሕፃን ይህ ችግር የለበትም። ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ ዱቄት ወተት በጉድጓድ ውኃ ከመበጥበጥ የተመረመረ ውኃ ፈልጉ።

አሁን ስለ ሜትሊን ብሉ፣ ምክንያቱም ጥያቄዬ ያለው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ሃይንሪክ ካሮ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በ1876 ለጨርቅ ማቅለሚያ የሠራው ነው። ፖል ኤርሊክ በ1891 ለወባ ሞከረው። በአገራችን በየጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ አክታ ሲመረመር ቀዩ ባክቴሪያ እንዲለይ ጀርባውን ሰማያዊ የሚያደርገው እሱ ነው። የላቦራቶሪው ግን በደም ሥር አይሰጥም! ንጹሕነቱ ለዚያ አልተሠራም። ለሰው የሚወጋው ለብቻው የተዘጋጀ ነው፣ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ። ርካሽ ነው፣ ግን ሲፈለግ ካልተገኘ ርካሽነቱ ምን ይሠራል? በዓመት ሁለት ሰው ሊያስፈልገው ይችላል፣ ወይም ማንም። ለዚያ ነው የግዢ ዝርዝር ሲወጣ የሚዘለለው። እኔ ግን ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ ቢያንስ ለአንድ በሽተኛ የሚበቃ ሊኖረው ይገባል እላለሁ፤ የጊዜው ማለፊያ ሲደርስ መጣሉም ኪሳራ አይባልም።

መድኃኒቱን የሚሰጡ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር እንዲያስታውሱልኝ። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የጎደለው ሰው ላይ ሜትሊን ብሉ አይሠራም፣ ይባስ ብሎ ደሙን ያፈርሳል። ጉድለቱ በደጋው ሕዝባችን ዘንድ ጥቂት ነው፣ ጋምቤላ አካባቢ ግን ከዚያ ይበዛል፤ «ሐበሻ ላይ የለም» የሚለው አነጋገር በሽተኛን ይገድላል። ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰውም ላይ ከባድ ጣጣ ያመጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ነው። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ራሱ ሜትሊን ብሉ ሜትሄሞግሎቢን ይፈጥራል። ካልተቻለ ቫይታሚን ሲ በደም ሥር አለ፣ ደም መለወጥ አለ፤ ይዘገያሉ እንጂ ይረዳሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከንፈሩ የጠቆረ፣ እናቱ ወይም አባቱም እንደሱ የሆኑ፣ ሜትሊን ብሉም ንክች ያላደረገው ሰው ካጋጠማችሁ ኢንዛይሙን ትታችሁ ሄሞግሎቢኑን ራሱን ጠርጥሩ። ሄሞግሎቢን ኤም የሚባል በዘር የሚመጣ ዓይነት አለ፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረስ። እሱን በመድኃኒት ማሳደድ አያስፈልግም፣ ሰውየው ከነመልኩ ይኖራል።

ከጋዜጣችሁ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ሕፃናት የድድ ቅባት አንድ ጊዜ በትልቁ ጻፉ። ወላጆች ቤታችሁ ያለውን ቱቦ ጀርባውን አንብቡ፤ ቤንዞካይን ካለና ልጃችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው ጣሉት። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ቅርባችሁ ላለ ፋርማሲስት አሳዩ፣ ለማንበብ ገንዘብ አንጠይቅም። ሐኪም ቤት ስትሄዱም የምትወስዱትን ሁሉ፣ የባህሉንም የሻንጣውንም፣ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ «አንድ ነጭ ክኒን» የሚል መልስ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሰዓት ያስፈጃል። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ በተለይ በየሰፈሩ መድኃኒት ቤት የምትሠሩ፣ ከውጭ የገባ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣውን ያንን ቅባት ለስድስት ወር ልጅ አትስጡ። እኛ አልሸጥን ብንል ገዢው ይቆጣል፣ ቀጣሪውም ይቆጣል። አውቀዋለሁ፣ እኔም ላይ ተቆጥተዋል።

በዚህ ጉዳይ የተለየ ነገር ያየ፣ ወይም የተሳሳትኩት ነገር አለ የሚል የሕክምና ባለሙያ ካለ፣ በዚሁ ገጽ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ